ቅዳሜ ገበያ ያልወጡት ሸክላ ሠሪዎች

ጎንደር ሄዳችሁ «ገበያ የት ነው?» ብትሉ ቅዳሜ ገበያ ይሏችኋል። በርበሬው፣ ጤፉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሸማው፣ ሸክላው፣ የአህያው ግፊያ፣ የባጃጁ ጡሩምባ… ሁሉም እዚያ ነው። ቀኑም ስሙ ውስጥ አለ። ስሙን ስንት ጊዜ ስጠራው አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም ነበር። ኋላ ላይ ስለ ቤተ እስራኤል ሳነብ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ለጎንደር ጀበናና ምጣድ፣ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች ቅዳሜን አጥብቀው የሚያከብሩ ነበሩ። በሰንበት እሳት አያነዱም፣ ሸክም አያነሱም፣ አይሸጡም፣ አይገዙም። ገበያው ቅዳሜ በሚውልበት ቦታ ሁሉ አገር ምድሩ ሲወጣ እነሱ ቤታቸው ቁጭ።

እንግዲህ ይህን በሻጭ ዓይን እዩት። በሳምንት አንዴ የሚቆም ገበያ አለ። ያ ቀን ካመለጣችሁ የሚቀጥለው ከሰባት ቀን በኋላ ነው። መሬት የላችሁም፤ ጎተራ ውስጥ የተቀመጠ እህል የላችሁም። እንዲያም ሆኖ «ዛሬ አልሸጥም» ትላላችሁ። ከሀብታም ነጋዴ አፍ ሲወጣ ቀላል ነው። ከሸክላ ሠሪ አፍ ሲወጣ ግን የሳምንት ራት የሚያሳጣ ቃል ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው፤ ስለ መጠበቅ። በገጠር ያለ ትንሽ ሠሪና ትንሽ ነጋዴ «ይደገፍ» ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ሥልጠና ነው። አዳራሹ፣ ባነሩ፣ የሻይ ሰዓቱ፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬቱ። የጎንደርንና የዙሪያዋን ደጋ ታሪክ ሳገላብጥ ግን ሙያ የጠፋበት ዘመን አላገኘሁም። የጠፋው ደህና ገዢ እስኪመጣ ድረስ የሚያቆይ አቅም ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ የኛው ነው።)

ነገሩ ከመሬት ይጀምራል። በሰሜኑ አገራችን ርስት ያለው ሰው ሰው ነው፤ ርስት የሌለው ሌላ እንጀራ ይፈልጋል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ቤተ እስራኤል ርስታቸውን ያጡት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በነገሠው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ነው ይላል። የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ ያልተጠመቀ ይፍለስ ተባለ ነው ነገሩ። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ከዚሁ ከመፍለስ ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ባለቤቶቹ ስሙን አይወዱትም፤ እኔም ከዚህ በኋላ አልጠራውም። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ተራሮች አምባ ይዘው ሲዋጉ የኖሩት የመጨረሻዎቹ መሪዎቻቸው በ1620ዎቹ በዐፄ ሱስንዮስ ጦር ተሰበሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1636፣ የሱስንዮስ ልጅ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆረ።

አዲስ ከተማ ደግሞ እጅ ይፈልጋል። ግንበኛ፣ አናጢ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ። የተሸነፉት ሰዎች የአሸናፊው ከተማ ባለእጆች ሆኑ። ዛሬ ቲኬት ቆርጠን ከፊቱ ፎቶ በምንነሳበት ግቢ ግንብ ላይ የእነሱ እጅ አለበት። ከመካከላቸው በቤተ መንግሥት ሥራ ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ከዚያ በ1668 በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጉባኤ ተቀመጠና ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር ይኑሩ ተባለ። የሙስሊሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ አለ። ካይላ ሜዳ የሚለው ስምም የቤተ እስራኤሎቹን ሰፈር ያስታውሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሻጭ ተፈጠረ። የአዲስ ዓለሙ ሙስሊምም እንደ ቤተ እስራኤሉ ርስት አልነበረውም። እሱ ግን ወደ ረጅም መንገድ ንግድ ገባ። በአንድ ወገን ምጽዋ፣ በሌላ ወገን መተማና ስናር። ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ቡና (ባሪያም፤ ታሪክ ስንጽፍ አንዝለለው) ይወጣል፤ ጨርቅና ዶቃ ይገባል። አሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በትግራይ በኩል ወደ ጎንደር ሲመጣ በየኬላው ዋጋው እየከበደ ነው የሚሄደው። ዝናብ እንዳይነካው ይጠበቅ እንጂ አሞሌ ቤት ውስጥ ተደርድሮ ዓመት ቢቀመጥ ችግር የለውም። ማርትሬዛ ብርም እንደዚያው። ነጋዴው ገበያው ካላማረው ያስቀምጣል፤ ሲያምረው ያወጣል። በላዩ ነጋድራስ አለው፣ ወዳጅ አለው፣ በየከተማው የሚያሳድረው ቤት አለው።

ሸክላ ሠሪዋስ? ሥራውን እናውቀዋለን ብለን ስለምናስብ ደረጃ በደረጃ ላስታውሳችሁ። አፈሩ ከታወቀ ቦታ ይቆፈራል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተወቀጠ አሮጌ ሸክላ ይቀላቀልበታል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ እጅ ብቻ ነው። ጀበናው አንገት ይወጣለታል፣ እንስራው ጆሮ ይበጅለታል። ከዚያ በጥላ ይደርቃል፣ በጠጠር ይለሰልሳል፣ መጨረሻ በኩበትና በእንጨት ተከቦ ሜዳ ላይ ይተኮሳል። ከአንዱ እሳት ስንቱ ደህና እንደሚወጣ፣ ስንቱ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ልብ በሉ፤ ክረምት ሲገባ አፈሩ አይደርቅም፣ እሳቱም አይያዝም። ክረምት ደግሞ እህል የሚወደድበት ወቅት ነው። ሥራ የሚቆመውና ኑሮ የሚከብደው በአንድ ላይ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ጉዞው ይመጣል። ገለባ መሐል እየገባ በገመድ የታሰረ የሸክላ ሸክም በጀርባ ገበያ ይወርዳል። መንገድ ላይ አንድ መደናቀፍ የሳምንት ሥራ ነው። ገበያው ውስጥ ገብታ መሬት ላይ ትደረድራለች። ጠዋት ዋጋ ትጠራለች። በብዙ ቦታ የልማዱ ዋጋ ዕቃው ራሱ የሚይዘው እህል ነበር፤ ማሰሮውን ሙላና እህሉን ለእኔ፣ ማሰሮውን ለአንተ። ልኩ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ፀሐይ ስትዘቀዝቅ እህል ሻጩ ጆንያውን አህያው ላይ ጭኖ ይመለሳል፤ እህሉ ሳምንትም ይሸጣል፣ ካልተሸጠም ይበላል። ሸክላ አይበላም። ያልተሸጠ ሸክላ ዳገት ወጥቶ ቤት መመለስ አለበት፤ እየተሰበረ። ገዢውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጠዋት ጠይቆ ትቷት የሄደ ሰውዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምንም እንዳላየ ሆኖ ይመለሳል። እናንተም ሠርታችሁታል፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። «እማማ፣ በስንት ጨረሱልኝ?» የምንለው መቼ መቼ እንደሆነ እስቲ አስቡት።

ንቀቱም እዚህ ውስጥ ሥራ ነበረው። ባለእጅን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ የሚጠራው አርሶ አደር ቀን ማረሻውን ያሾለለትን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ይፈራዋል። አብሮት አይበላም፣ አይጋባም። ቤተ እስራኤሎቹም በበኩላቸው በንጽሕና ሕጋቸው ምክንያት ከሌላው ጋር ንክኪን ይጠነቀቁ ነበርና ርቀቱ ከሁለቱም ወገን ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የምናወራው እንደ እምነትና እንደ ጭፍን ጥላቻ ጉዳይ ብቻ ነው። እኔ ግን የኪስ ጉዳይም ይመስለኛል። የገበያ ከተማ ውስጥ የሚያሳድራችሁ ዘመድ ከሌለ፣ ዕቃችሁን እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አደራ የሚይዝላችሁ ቤት ከሌለ፣ አንድ ቁና እህል የሚያበድራችሁ ጎረቤት ከሌለ፣ አመሻሽ ላይ የተሰጣችሁን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምን ታደርጋላችሁ? ንቀቱ የሸክላውን ዋጋ በየሳምንቱ ይቀንስ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ስም እየጠራችሁ አትስደቡ የሚል አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁቲት በል፣ ፋቂውን ፋቂ እያሉ መስደብ ክልክል ሆነ፤ ቅጣትም ተቆረጠለት። ለጊዜው ደፋር አዋጅ ነው፤ እሰየው። ገበያ ውስጥ ግን የአዋጁ ድምፅ ብዙም አልተሰማም። ጎንደርም በዚያን ጊዜ የምትሰማበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም። በ1866 ቴዎድሮስ ዘርፈው አቃጥለዋታል፣ በ1888 ደርቡሽ ደግሟታል፣ ወዲያው ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ተከትሏል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው። ደርግ! የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት፣ ጉልት፣ ጭሰኝነት የሚባሉት ሁሉ ቀሩ። ከዘመናት በኋላ ባለእጁም መሬት ይገባዋል ተባለ። በወረቀት ላይ ግሩም ነው። መሬት ላይ ግን ጎረቤት «ለእነሱ መሬት?» እያለ የተቃወመበት ቦታ ነበር፤ በዚያ ላይ አካባቢው ወዲያው የጦርነት ቀጠና ሆነ። በእነዚያው ዓመታት ኦርት የሚባለው፣ በ1880 ሩሲያ ውስጥ የተመሠረተው የአይሁድ የሙያ ሥልጠና ድርጅት፣ በጎንደር ገጠሮች ውስጥ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እየሠራ፣ ሙያ እያስተማረ ነበር። ሥራው ለቤተ እስራኤሎቹ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቶቻቸውም ነበር፤ ይህ ብልህነቱ ነው። በ1981 መንግሥት አስቆመው።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በተደረገው «ዘመቻ ሙሴ» 8,000 ገደማ ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ብዙዎች መንገድ ላይና በሱዳን ካምፖች አልቀዋል። በግንቦት 1991 ደግሞ «ዘመቻ ሰሎሞን» በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰዎችን ከአዲስ አበባ አጓጓዘ። የሄዱት ለኢየሩሳሌም ብለው ነው፣ ከረሃብና ከጦርነት ሸሽተው ነው፤ ለሸክላ ገበያ ብለው ሄዱ አልልም። ግን ሲሄዱ ማረሻ የሚያሾለው ሰው፣ ምጣድ የምትሠራው ሴትዮ አብረው ሄዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከተማውን እንደወጣችሁ የምታገኟት ወለቃ ባዶ ቤቶችና አንድ ምኩራብ ይዛ ቀረች።

ወለቃ ከዚያ በፊት አንድ ብልሃት አግኝታ ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ፈረንጅ መምጣት ሲጀምር ሴቶቹ ከእንስራና ከምጣድ ጎን ለጎን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች መሥራት ጀመሩ። አንበሳ፣ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው (አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል)። ምስሏ ቀላል ናት። በሻንጣ ትገባለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገዢው ራሱ መኪናውን አቁሞ ሠሪዋ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ዳገት የለ፣ ገመድ የለ፣ አሥራ አንድ ሰዓት የለ። ዛሬ ካልተሸጠ ነገ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ እዚያው ወለቃ የተቋቋመው የፕላውሼር የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛ ማዕከል የጠፋውን ሸክላና ሽመና መልሶ ለማንሣት፣ ችግረኛ ሴቶች እንዲኖሩበት ለማድረግ ተነሣ። ስሙ ራሱ ያስገርመኛል፤ ፕላውሼር በእንግሊዝኛ ማረሻ ማለት ነው። ቀጥቃጩ ባል ሲሠራው የኖረውን ዕቃ ስም ይዞ የሚስትየውን ሸክላ ይሸጣል። ማሠልጠኛ ይባል እንጂ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገሩ ሱቁ ነው። የሴቶቹ ሥራ ቤት ውስጥ ተደርድሮ ዋጋው ተጽፎበት ይጠብቃል። ጉዳቱ ደግሞ የሚጠብቀው ማንን እንደሆነ ነው። ከ2020 ወዲህ መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መጡ። ቱሪስት በሌለበት አገር ለቱሪስት የተሠራ ሰሎሞን ማን ይገዛዋል? ጀበና ቢሆን ጎረቤት ይገዛዋል።

ብድርስ? የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችንም አብቁተ የምንለው፣ በ1995 በፕሮጀክትነት ተጀምሮ በ1997 ፈቃድ ያገኘ ነው፤ በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል። መያዣ ለሌለው ሰው በቡድን ዋስትና ማበደሩ ትልቅ ነገር ነበር። ምክንያቱም ከአራጣ አበዳሪ ሌላ በር ከፈተ። ሆኖም የብድር መመለሻ ቀን ራሱ አሥራ አንድ ሰዓት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የደባርቅንና የዳባትን ገበሬ ውሰዱ። ገብስ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት ያመርታል፤ መሬትም አለው። ግን አዝመራ ሲገባ ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ ግብሩ፣ ድግሱ በአንድ ላይ ይጠብቁታል። ሁሉም እኩል ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያንኑ እህል በውድ መልሶ ይገዛዋል። ከጃናሞራና ከበየዳ የሚመጣው ሰው ደግሞ ገደል ወርዶ፣ ገደል ወጥቶ ነው ገበያ የሚደርሰው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን ጎረቤቱ ነው። ሚስት በእንዝርት የፈተለችው የበግ ፀጉር ተሸምኖ ባና ሆኖ በትከሻው ላይ አለ። ያን ባና ሳይሸጥ ያንን መንገድ መመለስ ምን እንደሚመስል ሳስበው ጉልበቴን ያመኛል። እነሆ፣ መሬት ያለውም ሰው እንደ ሸክላ ሠሪዋ ሆነ።

እነሱ ራሳቸው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ዕቁብ አለ። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ከምታዋጣው ጥቂት ብር አንድ ቀን ተጠራቅሞ ሲደርሳት፣ ያን ሰሞን ያለችው ሴት ርካሽ ዋጋ አትቀበልም። የመጠበቂያ ገንዘብ ነው። ዕጣውን ከክረምቱ ጋር ለማጋጠም የሚደረገውን ልመናና መለዋወጥ ያየ ሰው የፋይናንስ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል አይልም። መንግሥት በበኩሉ በ1997 የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ አወጣ። በከተማ ኮብልስቶን የጠረበውን፣ ብሎኬት የመታውን ወጣት እናስታውሳለን። ስሙን ያወጣው ሰው ግን ምን ነካው? ማን ነው ራሱን «እኔ ጥቃቅን ነኝ» ብሎ የሚያስተዋውቅ?

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዕቃው የሞተ ይመስላችሁ ይሆናል። ፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን ገደለው፣ የብረት ድስት የሸክላ ድስትን ገደለው፤ እውነት ነው። ግን ዙሪያችሁን እዩ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦውን የደበቀው ሸክላ ውስጥ ነው። ሽሮው በሸክላ እየፈላ ካልመጣ ሽሮ አይደለም እንላለን። ሸክላ ጥብስ እስከነ ፍሙ ይመጣልናል። በየመንገዱ ጥግ፣ በየሕንፃው ሥር ጀበና ቡና አለ። እንዲያውም የኛ ትውልድ እናቱ ከተጠቀመችው የማያንስ ሸክላ ሳይጠቀም አይቀርም። ገዢ ሞልቷል። ሠሪዋና ገዢው መካከል ግን መጋዘን ያለው፣ መኪና ያለው፣ መጠበቅ የሚችል ሰው ቆሟል፤ ልክ እንደ ጥንቱ። ያ ሰው ሌባ ነው አልልም፤ ሸክላ ጭኖ በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ ሰው ድፍረቱም ኪሳራውም የራሱ ነው። ነገር ግን ዕቃውን የሚያሳድርበት መጋዘን የእሱ ብቻ እስከሆነ ድረስ ዋጋ ተማኙም እሱ ነው። ገበያው ዳር ቆርቆሮ የለበሰ፣ ቁልፍ ያለው፣ ያልተሸጠ ሸክላ ለሳምንት የሚያድርበት አንድ ክፍል ስንት ያወጣል? ከአንድ ሥልጠና የሻይና የአበል ወጪ ብዙም የሚበልጥ አይመስለኝም። ክረምት ከመግባቱ በፊት የተተኮሰውን ገዝቶ ወይም በመያዣነት ይዞ ለመስከረም ገበያ የሚያቆይ የሴቶች ማኅበርም ለማሰብ የሚከብድ ነገር አይደለም። መስከረም ላይ ሠርጉም፣ አዲስ ጎጆ የሚወጣውም እየተቃረበ ነው፤ ምጣድ ያስፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት የማዘወትራት ቡና ቤት ጀበናዋ አንገቱ ተሰንጥቆ አዲስ ገዝታ ስታሟሸው ደረስኩ። ቅቤ ነገር ቀብታ ፍም ላይ እያገላበጠች ነው። ከየት እንደገዛችው ጠየቅኋት።

«ከመርካቶ» አለች።

መርካቶ ከየት ያመጣዋል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ደግሞ! ቡናህን ልቅዳልህ ወይስ ሸክላ ልትነግድ ነው?» አለችኝ። ቀዳችልኝ።